ከመቅደላ ወደ ላሆር፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተማሪነት ዘመን

በኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ውስጥ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ስም ሁልጊዜ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይገኛል። በዘመናዊ የሕክምና ትምህርት ሠልጥነው አገራቸውን ያገለገሉ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም መሆናቸውን የማያውቅ የሙያው ባልደረባ የለም ማለት ይቻላል። ስለ አስተዳዳሪነታቸው፣ ስለ መምህርነታቸውና በሎንዶን ስለ ነበራቸው የመልእክተኛነት ሥራም ብዙ ተብሏል። ስለ ተማሪነታቸው ዘመን ሲሆን ግን ነገሩ ያጥራል። ሕንድ አገር ተማሩ ይባልና ይታለፋል። ይሁንና ሰውየውን ሐኪም ያደረገው፣ ከዚያም በላይ ዕድሜ ልካቸውን የተከተላቸውን ጥያቄ በልባቸው የተከለው፣ በሁለት የፑንጃብ ከተሞች ያለፈው የልጅነትና የወጣትነት ጊዜያቸው ነበር። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ ጊዜ ላይ ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ወርቅነህ የተወለደው በ1864 ወይም በ1865 ጎንደር ውስጥ ነው። አባቱ እሸቴ ይባሉ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተጣልተው አውሮፓውያንን ባሰሩ ጊዜ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው ጦር ከሕንድ ተነሥቶ በቀይ ባሕር ዳርቻ ወረደ። ወታደሮቹ በብዛት ሕንዳውያን፣ አዛዦቹ እንግሊዛውያን ነበሩ። ጦሩ ከዝሆኖቹና ከጋማ ከብቶቹ ጋር ደጋውን ወጥቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። በዚያ ግርግር ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል የሆነው ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ።

ሕፃኑን ያነሣው ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የሕንድ ጦር መኮንን ነበር። ጦሩ ወደ መጣበት ሲመለስ ሕፃኑን ይዞት ሄደ። ይህን ድርጊት በጎ አድራጎት ብቻ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። በጦር ሜዳ ብቻውን የቀረ ሕፃን ያለ ረዳት ሊሞት ይችል እንደ ነበር እርግጥ ነው። ነገር ግን እናት አባቱን፣ ዘመዶቹን ፈልጎ ለማስረከብ የተደረገ ብርቱ ጥረት በታሪኩ ውስጥ አይታይም። ከመቅደላ የብራና መጻሕፍቱ፣ ጽዋውና ዘውዱ እንደ ተወሰዱ ሁሉ ሕፃኑም ተወሰደ። ሁለቱም እውነት ናቸው። መኮንኑ ሕፃኑን ከሞት አድኖታል፤ ከወገኑም ለይቶታል። የወርቅነህ ሕይወት በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተዘረጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕንድ ከገባ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቻምበርሌን ሞተ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ አጣ። በዚህ ጊዜ ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ለመቻል ተነሣ። ልጁ ይጠራበት የነበረው ስምም ከእነዚሁ ከሁለቱ ሰዎች የተገኘ ነው፤ ቻርልስ ከአንደኛው፣ ማርቲን ከሌላው። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም እንግዲህ እንደ አንድ የዕዳ ደብዳቤ የሚቆጠር ነው፤ ማን አሳደገህ፣ ማን አስተማረህ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በስሙ ውስጥ አለ። ማን ወለደህ ለሚለው ጥያቄ ግን ስሙ መልስ አልነበረውም። ወርቅነህ የሚለውን ስም ራሱ ባለቤቱ እንኳን አያውቀውም ነበር።

ያደገው አምሪትሳር ነው። አምሪትሳር የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ቅድስት ከተማ ስትሆን በመካከልዋ ባለው ኩሬ ላይ በወርቅ የተለበጠው ቤተ መቅደሳቸው ቆሟል። በዙሪያው የሻል ሸማኔዎች፣ የእህልና የጨርቅ ነጋዴዎች ሠፈር ነበር። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር በ1850ዎቹ መጀመሪያ በከተማይቱ ሥራ ጀምሮ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበርና ወርቅነህ በዚያ ተማረ። ንባብና ጽሕፈት፣ ሒሳብ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ በመንገድና በገበያ የሚሰማው ግን ፑንጃብኛና ኡርዱ ነው። የተወለደበትን ቋንቋ የሚናገር አንድም ሰው አጠገቡ አልነበረም። የሦስት ዓመት ልጅ የለመደው ቃል ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? የሚያነጋግረው ካጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠፋል። ወርቅነህም አማርኛን ፈጽሞ ረሳ። የቀረለት በግራ ክንዱና በቀኝ እግሩ ላይ ያለ የልጅነት ጠባሳ ነበር። የጠባሳዎቹ ጥቅም የታወቀው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

በ1877 ላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። ዕድሜው 12 ወይም 13 ነው። ዛሬ ሲሰሙት የሚያስገርም ቢሆንም በዚያን ዘመን የሕክምና ትምህርት ከቀለም ትምህርት ጋር ተያይዞ በለጋ ዕድሜ ይጀመር ስለ ነበር ከደንቡ ውጭ የሆነ ነገር አልነበረም። ከአምሪትሳር እስከ ላሆር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል የባቡር ሐዲድ ከተዘረጋ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖት ነበርና መንገዱ የጥቂት ሰዓት ጉዞ ነው። በነገራችን ላይ፣ ሐኪም ወርቅነህ በሕይወት ሳሉ በ1947 ሕንድ ስትከፈል የድንበሩ መስመር በዚያው ሐዲድ ላይ አልፎ ያደጉባትን ከተማ ለሕንድ፣ የተማሩባትን ለፓኪስታን አድርጎታል።

ላሆር ትልቅ ከተማ ናት። በ1881 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ወደ 150,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ነበራት ያሳያል። በራዊ ወንዝ አጠገብ የተቆረቆረችው አሮጌይቱ ከተማ በግንብ የታጠረችና በብዙ በሮች የሚገባባት ስትሆን፣ ከግንቡ ውስጥ መንገዱ ጠባብ፣ ፎቁ የተደራረበ፣ ሕዝቡ የተጨናነቀ ነው። የሞጎል ነገሥታት ያሠሩት ምሽግና ባድሻሂ የሚባለው ታላቅ መስጊድ በሰሜን በኩል ቆመዋል። ሲኮች መንግሥታቸውን ያጸኑት በዚህችው ከተማ ነበር፤ እንግሊዞች በ1849 ድል አድርገው ያዝዋት። ከዚያ በኋላ ከግንቡ ውጭ አናርካሊ ከሚባለው ገበያ ጀምሮ ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ፍርድ ቤት፣ ኮሌጅ፣ ሙዚየም፣ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ስለዚህ ከተማይቱ ሁለት ነበረች። ወርቅነህም የሁለቱም እንግዳ ነበር። እንግሊዞቹ እንደ እንግሊዛዊ አያዩትም፤ የሃይማኖቱና የአስተዳደጉ ነገር ደግሞ ከሂንዱውም፣ ከእስላሙም፣ ከሲኩም የተለየ አድርጎታል። በመልኩም አገሩን የሚመስል አላገኘም። በቀሚሱና በጥምጥሙ ዐይነት ሰው ሁሉ የማን ወገን እንደ ሆነ በሚታወቅበት ከተማ የእሱ ወገን ማን እንደ ሆነ የሚነግረው አልነበረም።

የሕክምና ትምህርት ቤቱ የተመሠረተው በ1860 ነው። ትምህርቱ በሁለት ክፍል ይሰጥ ነበር። አንደኛው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሲሆን የሚመረቁት ረዳት ቀዶ ሐኪም ተብለው በየአውራጃው ሆስፒታል ይመደባሉ። ሁለተኛው በኡርዱ የሚሰጥና ለዝቅተኛ የሕክምና ረዳትነት የሚያበቃ ነበር። በዚህ አከፋፈል ውስጥ ከደመወዝ ልዩነት ይልቅ የሚያስደንቀው ሁለተኛው ክፍል ነው። አንድ የቅኝ መንግሥት እንኳን ሕክምናን በሕዝቡ ቋንቋ ማስተማር እንደሚቻል አምኖበት የአካል ክፍሎችን ስም፣ የመድኃኒቱን መጠን በኡርዱ አጽፎ ነበር። ወርቅነህ የተማረው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ነገሩን በዐይኑ አይቶታል። ከብዙ ዓመት በኋላ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች በአማርኛ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ ለመጻፍ ሲነሣ ሥራው የማይቻል መስሎ አልታየውም።

የትምህርት ቤቱ ዋነኛ መማሪያ ማዮ ሆስፒታል ነበር። ሆስፒታሉ የተሠራው ወርቅነህ ሕንድ ከገባ በኋላ ነው፤ በ1871 ተከፍቶ በሕንድ እንደራሴ በሎርድ ማዮ ስም ተሰየመ። ተማሪዎች ጠዋት በየአልጋው እየዞሩ በሽተኛ ያያሉ፤ ቀን ከመምህሩ ይማራሉ፤ በክረምቱ ወራት ደግሞ አስከሬን ይከፍታሉ። በላሆር በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ይህን ሥራ በሙቀት ጊዜ መሥራት አይታሰብም። አስከሬን መክፈት ለሕንዳውያን ተማሪዎች የሃይማኖትና የወገን ጥያቄ ያለበት ከባድ ነገር ነበር። ከከበሩ ወገኖች የተወለደ ሂንዱ ሬሳ ቢነካ ከዘመዶቹ ይለያል። በካልካታ የሕክምና ኮሌጅ ማዱሱዳን ጉፕታ የሚባል ሊቅ በ1836 ይህን አጥር ጥሶ አስከሬን ከከፈተ በኋላ ነው መንገዱ ቀስ በቀስ የተከፈተው። ላሆር ላይ ብዙዎቹ ተማሪዎች ይህን የሚያደርጉት ዘመድ እያዘነባቸው ነበር። ወርቅነህ የሚያዝንበት ዘመድ አልነበረውም። ነጻነት ነው ለማለት ይቻላል፤ ግን ማንም ሰው የማይመኘው ነጻነት ነው።

ለሙያው ባልደረቦች ይበልጥ የሚያስደስተው የዚያን ዘመን ሕክምና ምን ላይ እንደ ነበረ ማሰብ ነው። ክሎሮፎርም ከታወቀ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ በሽተኛን አስተኝቶ መቅደድ የተለመደ ነው። ኪኒን አለ። የፈንጣጣ ክትባት አለ። የሊስተር የካርቦሊክ አሲድ ዘዴ ገና በመግባት ላይ ሲሆን አንዳንዱ ቀዶ ሐኪም ይቀበለዋል፣ ሌላው ይሥቅበታል። በሽታን የሚያመጡ ረቂቃን ነፍሳት ስለ መኖራቸው ክርክሩ እንደ ጦፈ ነው። ኮክ የሳንባ ነቀርሳን መንሥኤ ያስታወቀው በ1882 ወርቅነህ ትምህርቱን በጨረሰበት ዓመት ነበር። ወባን በሚመለከት ላቬራን በ1880 አልጀርያ ውስጥ የበሽታውን መንሥኤ በሰው ደም ውስጥ ቢያየውም ብዙዎቹ ሐኪሞች ገና አላመኑትም። ትንኝ በነገሩ ውስጥ መኖርዋ የተረጋገጠው በ1897 ሮናልድ ሮስ በዚያችው በሕንድ ባደረገው ምርመራ ነው። በላሆር ተማሪዎች ደብተር ላይ ንዳድ ከረግረግ የሚነሣ የክፉ አየር ውጤት ነበር።

ይህ ዕውቀት ከፊታቸው ያለውን ሞት ለማቆም አይበቃም ነበር። በ1879 በሐርድዋር በተደረገው ታላቁ የሂንዱዎች የመታጠቢያ በዓል ላይ ኮሌራ ገባ፤ ወደየአገራቸው የሚመለሱት ተሳላሚዎችም በሽታውን በፑንጃብ ሁሉ በተኑት። በዚያው ሰሞን እንግሊዞች አፍጋኒስታን ላይ ጦርነት ከፍተው ስለ ነበር ላሆር የወታደርና የስንቅ መተላለፊያ ሆና ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1881 መጸው ከከባድ ዝናብ በኋላ አምሪትሳር ላይ የወረደው የንዳድ ወረርሽኝ ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ከተማይቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ አለቀች፤ በፑንጃብ የወባ ታሪክ ውስጥ ያ ዓመት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ወርቅነህ ሊመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ያሳደገችው ከተማ በምትሞትበት ጊዜ መምህራኑም ሆኑ እሱ የበሽታውን መንገድ አያውቁም፤ ኪኒን ሰጥቶ ከመጠበቅ በቀር መላ አልነበራቸውም። በወለጋ ቆላዎች፣ በዴዴሳ ሸለቆ የወባን ወረርሽኝ ያየ የጤና ባለሙያ ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ከመቅደላ የተወሰደውን ሌላውን ልጅ ማስታወስ ይገባል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ የንግሥት ቪክቶርያ እንክብካቤ አልተለየውም። ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ገባ፤ መኮንን እንዲሆንም ወደ ሳንድኸርስት ተላከ። ነገር ግን ልቡ አላረፈም፤ ትምህርቱም አልሰመረለትም፤ በኅዳር 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ታሞ ሞተ። በዚያው ወር ወርቅነህ ላሆር ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ልዑሉ ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቅለት ነበር፤ እሱም ያውቃል፤ ሐዘኑም ከዚያ የመጣ ይመስላል። ወርቅነህ ግን የሚያዝንለትን ነገር እንኳን አያስታውስም። የሚሠራው ሥራ ግን ነበረው፤ በእጁ የሚይዘው፣ በየቀኑ የሚጠይቀው፣ ሲሳሳት የሚያሳፍረው ሥራ። ሁለቱን ልጆች የለየው የዕድል ነገር ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሙያ ያለው ስደተኛና ሙያ የሌለው ስደተኛ አንድ አይደሉም።

በ1882 ትምህርቱን ጨረሰ። ከዚህ በኋላ እንደ ልማዱ ሐኪም ብሎ በአክብሮት መጥራት ተገቢ ነው። ሐኪም ወርቅነህ በተመረቁበት ጊዜ ዕድሜያቸው 18 ዓመት ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ከእሳቸው በአንድ ዓመት የሚያንስ ራድያርድ ኪፕሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት በላሆር ጋዜጣ ላይ ሊሠራ ገባ። ላሆርን በዓለም ሁሉ ያሳወቀው ይኸው ደራሲ ነው፤ ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት የወጣውን ኢትዮጵያዊ ግን በዚያን ጊዜ የሚያውቀው አልነበረም።

በሕንድ የተማረ ሐኪም የቱን ያህል ቢጎብዝ ከረዳትነት አያልፍም። ከፍተኛው የሕክምና አገልግሎት ሹመት የሚገኘው ሎንዶን ላይ በሚሰጥ ፈተና ነበርና ገንዘብና ዘመድ የሌለው ወደዚያ አይደርስም። ሐኪም ወርቅነህም ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ሄደው በኤዲንብራ ተጨማሪ የምስክር ወረቀት አገኙ። ከዚያም በ1891 በርማ ውስጥ የአውራጃ ሐኪም ሆነው ተሾሙ። በርማን እንግሊዞች ጠቅልለው ከያዝዋት ገና አምስት ዓመት ያህል ሆኖ ነበር። ኑሮአቸው የተደላደለ፣ ጡረታቸው የታወቀ ነበር። እዚያው ቢቀሩ የሚወቅሳቸው ሰው አይኖርም።

በ1896 ኢጣልያ ኢትዮጵያን መውጋትዋን ሰሙ። ማንም አልጠራቸውም፤ ደብዳቤ የጻፈላቸው ዘመድም ሆነ መንግሥት የለም። ከመቅደላ መወሰዳቸውን ብቻ ያውቃሉ። ሄደው ለመርዳት አሰቡ፤ ፈቃዱ ተገኝቶ ጉዞው የተሳካው ግን ዐድዋ አልፎ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። በዘይላ ወርደው፣ በሐረር አልፈው በ1899 አዲስ አበባ ገቡ። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማየት ጀመሩ። የሚያክሙትን ሕዝብ የሚያነጋግሩት በአስተርጓሚ ነው። በላሆር ለተማረ ሐኪም በኡርዱ የትኛው ጎንህን ነው የሚያምህ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ በእናቱ ቋንቋ መጠየቅ ግን አልቻለም።

ወሬው ተሰማ። እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ልጅ ሐኪም ሆኖ ተመለሰ ተባለ። አንዲት ባልቴት መጥተው የልጃቸው ልጅ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገሩ፤ በግራ ክንዱና በቀኝ እግሩ ላይ ጠባሳ መኖር እንዳለበት አስቀድመው አመለከቱ። ጠባሳዎቹ ባሉት ቦታ ተገኙ። አያታቸው ነበሩ። ሐኪሙ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ34 አያንስም፤ ወርቅነህ መባላቸውን የሰሙት ያን ዕለት ነው። ዐፄ ምኒልክም አስጠርተው ተቀበልዋቸው። ነገሩን አንድ ሐኪም ሲያስበው ሌላም ትርጉም አለው። ለአሥራ ሰባት ዓመት የሌሎችን ሰዎች ሰውነት ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ማንነታቸው የታወቀው በሰውነታቸው ምርመራ ነው፤ መርማሪዋም አንዲት ያልተማሩ ባልቴት ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ ማንሣት ይበቃል። ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ ተመለሱ፤ ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ በ1908 የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው መጡ፤ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ፤ በ1919 ከበርማ ጡረታ ወጥተው ለዘለቄታው አገራቸው ገቡ። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን የፍልውኃን መታጠቢያ አሠሩ፤ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች በሚካሰሱበት ችሎት ተቀመጡ፤ በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት ተቆጣጠሩ፤ ነጻ ለወጡ ባሮች ትምህርት እንዲገኝ ደከሙ። በ1927 የጣናን ግድብ ሥራ ለመዋዋል አሜሪካ ሄዱ። በ1930 የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ፤ በ1935 በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ተባሉ።

ይህን ሁሉ ሥራ በአንድ ሰው ላይ ያከማቸው የተማረ ሰው ማነስ ነው። አንድ ሐኪም ገዥም፣ ዳኛም፣ መምህርም፣ መንገድ አሠሪም መሆኑ ዛሬ ያስመሰግናል፤ ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል ሕክምናው ምን ያህል ጊዜ አገኘ ብሎ መጠየቅ ለሙያው ሰዎች ይገባል። መልሱ ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

የነቀምቴ ሰው የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ ሲሰማ አናሲሞስ ነሲብን ማስታወሱ አይቀርም። አናሲሞስም በልጅነቱ ከእናቱ እቅፍ ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ፤ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ በስዊድን አገር ስቶክሆልም አጠገብ ተማረ፤ ከብዙ ድካም በኋላ በ1904 ነቀምቴ ገብቶ እስከ ሞተበት እስከ 1931 አስተማረ። ሁለቱም የወሰዳቸውን ዓለም ዕውቀት ይዘው ተመለሱ። ልዩነታቸው ግን ግልጽ ነው። አናሲሞስ የእናቱን ቋንቋ ለማደስ አስቴር ጋኖን የመሰለች ረዳት አግኝቶ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ለመተርጐም በቃ። ሐኪም ወርቅነህ ቋንቋቸውን የተማሩት እንደ ባዕድ፣ ከ34 ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው።

ሐኪም ወርቅነህን ከወለጋ ጋር የሚያገናኘው ዋነኛው ነገር ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. በኢጣልያ እጅ ስትወድቅ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ልጆች ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ነቀምቴ ላይ የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበራቸው እንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ከአባሎቹም መካከል የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ብንያምና ዮሴፍ ይገኛሉ። እነሱም እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ ነበሩ። ዛሬ ቡርቃ ጃቶና ሌሎቹ የነቀምቴ ሠፈሮች ባሉበት አገር ዙሪያ፣ ከከተማይቱ ሩቅ ባልሆነችው በቦነያ፣ ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል የማኅበሩ ጦር በአውሮፕላን የመጡትን የኢጣልያ መልእክተኞች ወግቶ ጄኔራል ማልዮኮንና ከእሱ ጋር የነበሩትን ገደለ፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠለ።

አባት በዚያን ጊዜ ሎንዶን ናቸው። እሳቸውን ባሳደገውና ባስተማረው መንግሥት መዲና ተቀምጠው ያ መንግሥት ኢትዮጵያን እንዳይተዋት ይሟገታሉ፤ ለጋዜጦች ይጽፋሉ፤ ለስደተኞች ገንዘብ ይለምናሉ። እንግሊዝኛቸው እንደ ማንኛውም የተማረ እንግሊዛዊ ነው። የሚናገሩትን ሁሉም ይሰማል፤ የሚያደርገው ግን አልተገኘም። በታኅሣሥ 1936 ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሲሰጡ የጥቁር አንበሳ ማኅበር ተበተነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች የተማሩትን እየለቀሙ ሲረሽኑ ብንያምና ዮሴፍም ከተገደሉት ጋር ሆኑ። የመቅደላ ጦርነት ልጁን ከወላጆቹ ለየ፤ ሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ወላጁን ከልጆቹ ለየ።

ሐኪም ወርቅነህ የስደቱን ቀሪ ዓመታት ካደጉበት ከሕንድ አገር አሳልፈው በ1942 ወደ ነጻይቱ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በ1952 አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ። ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጡ የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ስለ በሽተኞቻቸው፣ ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ግብርና ስለ መንገድ የጻፉት ያ ማስታወሻ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር በላሆር በተማሩበት ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ ነው።